በሐምሌ የተመረገ ጎተራ

ኦቦ ኩምሳን ያገኟቸው ሚካኤልን ሊሳለሙ የወጡ ሴቶች ናቸው። ሐምሌ 12 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ሌሊቱን በጣለው ዝናብ ውሃ ለብሶ አድሯል። ሽማግሌው ከመንግሥት መጋዘን ከፍ ብሎ ባለው የቦይ ግድብ ላይ በደረታቸው ተደፍተው፣ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ፣ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሴቶቹ ሞተዋል ብለው ሊጮሁ ሲሉ አንዷ ጆሮዋን ጀርባቸው ላይ ለጥፋ «ዝም በሉ፣ ይተነፍሳል!» አለች። በቃሬዛ አውራ ጎዳናው ድረስ ተሸክመው፣ ከፍቼ በሚመጣ አውቶቡስ አሳፍረው አዲስ አበባ ሆስፒታል ላኳቸው።

እኔና ሻምበል ካሳሁን የደረስነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ሃምሳ አለቃ ጃራ እባላለሁ። የጫንጮ ልጅ ነኝ፤ ለሻምበል ሾፌርም አስተርጓሚም ነበርኩ። ሻምበል የመንዝ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከጠየቀ ግን መልስ ሳያገኝ ከቆመበት የማይነቃነቅ። እኩያዬ ስለሆነ እዚህ «አለ» እያልኩ አወራዋለሁ እንጂ ፊት ለፊት «ጌታዬ» ነበር የምለው። አብሬው ስድስት ዓመት ሠራሁ፤ ስድስቱንም ዓመት አደነቅኩት፣ ስድስቱንም ዓመት አናደደኝ።

መጋዘኑ በድንጋይ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ባለ አንድ በር ቤት ነው። የሱሉልታ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን።

«ጓጉንቸሩ አልተሰበረም» አለ ሻምበል።

«አልተሰበረም። ቁልፉ በክር ታስሮ አንገቱ ላይ ነበር። አውቶቡስ ላይ ሲያወጡት ፈትቼ ወሰድኩና በአራት ሰዓት እኔ ራሴ ከፈትኩት። ከኔ በፊት ማንም አልገባም።»

ውስጡ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። መደርደሪያዎቹ ባዶ ናቸው። አርባ ሁለት ጥቅል የመንግሥት መዝገብ የነበረበት ቤት ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለችም።

«ነገሩ ግልጽ ነው ሻምበል» አለ አዛዡ። «ጥበቃው እሱ፣ ቁልፉ ከሱ ሌላ የለም። አውጥቶ ሸጣቸው። ከገዢው ጋር ተጣሉና ፈነከተው። ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ፖሊስ አቁሜያለሁ፤ ከዳነ ከአልጋ ወደ ወህኒ ነው።»

ሻምበል መደርደሪያውን በመዳፉ ዳሰሰና አሳየኝ። ደረቅ ነው፤ አቧራ እንኳ የለውም።

«ጃራ፣ ሌባ መደርደሪያ ጠርጎ ይሄዳል?»

ከዚያ ወደ ግድቡ ወጣን። ግድቡ ሁለት ክንድ ያህል ተከፍቶ ውሃው ወደ መጋዘኑ ይወርዳል። የተከፈተው ቦታ ጠርዝ እንደ ዳቦ የተቆረጠ ነው።

«ውሃ ሲሰብር እንዲህ አይሰብርም» አለ። «ይሄ በአካፋ የተቆረጠ ነው። ሰውየው ወረቀቱን ከሸጠ ባዶ ቤት ላይ ውሃ የሚለቀው ማን ነው?»

አዛዡ አካፋ አልተገኘም አለ። ሻምበል ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ነገሩን ከሥሩ ላውራችሁ። አዲስ አበባ የሚገኘው የመሬት ማስረጃ ጽሕፈት ቤት በወረቀት ታፍኖ ነበር። መዝገቡ ክፍሎቹን ሞልቶ፣ ኮሪደሩን ሞልቶ፣ ደረጃው ላይ ወጥቶ ነበር፤ ባለጉዳይ ሁለተኛ ፎቅ የሚደርሰው የአያቶቹን ርስት እየረገጠ ነው። እናም አሮጌዎቹ መዛግብት ከከተማ ውጭ ይቀመጡ ተባለ። ሦስት ቦታ ታጨ። አንዱ ሰበታ ያለ የጣሊያን ጊዜ የድንጋይ ቤት ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን ግድግዳው ምንጭ ያልበዋል። ሁለተኛው ቡራዩ ያለ የወፍጮ ቤት መጋዘን ነው፤ ለከተማ ቅርብ ነው፣ ግን ዱቄት ያለበት አይጥ አይጠፋም። ሦስተኛው ሱሉልታ ነው። ብርዱ ብልና ነቀዝን ያርቃል ተብሎ ተወደደ፤ ክረምት ሲገባ ግን ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። ለአንድ ዓመት ለሙከራ ለእያንዳንዳቸው አርባ ሁለት ጥቅል ተሰጣቸው። ቅዳሜ ሐምሌ 16 ኮሚቴው ተሰብስቦ አንዱን ሊመርጥ ነው።

በግንቦት ሦስቱም ሲጎበኙ የሰበታው ሻግቷል፣ የቡራዩው ዳር ዳሩ ተቆርጥሟል። የሱሉልታው ግን ትናንት የገባ ይመስል ነበር። ምክንያቱ ኦቦ ኩምሳ ናቸው። ሰውየው ከፍ ያለ ወለል ሠሩ፣ ቦይ ቆፈሩ፣ ግድብ ደለደሉ። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ጥቅሎቹን እንደ እህል አውጥተው፣ አገላብጠው፣ አናፍሰው ይመልሷቸዋል። ከቁጥር በቀር ብዙም አያነቡም። እንዲህ ያለ ሰው ሌባ ነው ሲባል እኔ በበኩሌ ሆዴ አልተቀበለውም፤ ግን ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው። ጥቅሎቹ እስከ ቅዳሜ ካልተገኙ ጽሕፈት ቤቱ ሊከሳቸው ቆርጧል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ደጊቱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ቤታቸው ጭር ብሏል።

«አካም ኦልተኒ፣ አዴ ደጊቱ» ብዬ እንዴት ዋሉ አልኳቸው።

«ነጋ» ብለው ሰላም ነው አሉ፤ ፊታቸው ግን ሰላም የለውም።

ሻምበል አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ወይዘሮ ደጊቱ፣ ባለቤትዎ ሌባ ናቸው አላልኩም። ወረቀቶቹ የት እንደደረሱ ያውቃሉ?»

«ህንቤኩ» አሉ። አላውቅም ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የጫንጮው ልጅ፣ ሰኞ ሊመሽ ሲል መኪናችሁ የት ነበረች?»

«የኛ? አዲስ አበባ ጣቢያው ግቢ ነዋ! ምን ለማለት ነው እናቴ?» ደሜ ፈላ። ፖሊስ ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ሻምበል ግን ትክ ብሎ አያቸውና «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። መኪናችን እንደ ሌሎቹ የመንግሥት መኪኖች ለጭቃ ሰንሰለትና አካፋ የታሰረባት አሮጌ ላንድሮቨር ናት። ዞር ብሎ አያትና እንደገና ጻፈ።

ከዚያ ቤት ለቤት ዞርን። አሥራ ሁለት ቤት ጠየቅን፤ ከአሥራ ሁለቱም የወጣው መልስ «ህንቤኩ» ነው። አንድ ሽማግሌ ብቻ ረዘም አድርገው መለሱ።

«ኩምሳ ይጠየቅ።»

«ኦቦ ኩምሳ እኮ ራሳቸውን ስተዋል አባቴ» አልኳቸው።

«እንግዲያው እስኪነቃ ይጠበቃ።»

በመጨረሻ ኮረብታው ጫፍ ላይ ወዳለው የኦቦ ነገሳ ቤት ወጣን። የጣቢያው አዛዥ ስለሳቸው ነግሮናል። ኦቦ ነገሳና ኦቦ ኩምሳ በግማሽ ጋሻ መሬት ስምንት ዓመት ሙሉ እየተካሰሱ ነው። ለኩምሳ የሚመሰክረው አሮጌ ፍርድ ደግሞ ከጠፉት ጥቅሎች በአንዱ፣ በአሥራ ሰባተኛው ውስጥ ነው። እኔ ልቤ እዚያው ላይ ተጣበቀ። ከዚህ የበለጠ ምክንያት ከየት ይመጣል?

ኦቦ ነገሳ ረጅም፣ ደረቅ፣ አገጫቸውን ቀና የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

«ጠላትዎ ተፈነከቱ» አለ ሻምበል።

«ባላጋራዬ ነው። ጠላቴ አይደለም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ጠላት ሲሞት ደስ ይላል። ባላጋራ ሲሞት ክርክር ይቀራል።»

«ሰኞ የት ነበሩ?»

«ጫንጮ፣ የእህቴ ባል ለቅሶ ላይ። ሰኞ ጠዋት ሄጄ ዛሬ ረፋድ ገባሁ። የቀበረው ሕዝብ ሁሉ አይቶኛል።»

ለቅሶውን በኋላ አጣራሁት፤ እውነት ነው። ሦስት መቶ ሰው ነገሳን አይቷል፤ ከሦስት መቶው ውስጥ ሁለቱ የገዛ አጎቶቼ ናቸው።

ከግቢያቸው ስንወጣ ሻምበል ጎተራቸው አጠገብ ቆመ። ቆመ ስል እንደ ፈረሰኛ ሐውልት ነው የምላችሁ።

«ጃራ፣ ዘንድሮ እህል እንዴት ነው?»

«ሐምሌ እኮ ነው ጌታዬ! አይጥ እንኳ የሚጾምበት ወር።»

ሳቀ። ቁልቁል ስንወርድም በየግቢው አጥር ላይ እየተንጠራራ ወደ ውስጥ ሲያይ ነበር። ምን እንዳስደሰተው አልገባኝም፤ ሰው ተፈንክቶ የሚስቅ አለቃ ተሰጠኝ ብዬ በልቤ ታዘብኩት።

ረቡዕ ጠዋት ሰበታ ገባን። የድንጋዩ ቤት ጠባቂ አለሙ የሚባል የቀድሞ ወታደር ነው። ሱሉልታ ቢሰረዝ ሰበታ ሊመረጥ ይችላል፤ ስለዚህ እንደ ተጠርጣሪ አየሁት። አለሙ ግን የኩምሳን መፈንከት ሲሰማ ቆቡን አወለቀ።

«ኦቦ ኩምሳ በግንቦት እዚህ ድረስ በእግራቸው መጥተው፣ ጥቅል እንዴት እንደሚነፍስ አሳዩኝ» አለ። «ተወዳዳሪያቸው እኮ ነኝ! 'የምንወዳደረው እኛ ነን፤ ወረቀቱ ምን በደለ?' አሉኝ።»

«ሰኞ ከዚህ ወጥተህ ነበር?»

«የት እወጣለሁ? የጽሕፈት ቤቱ ሰው አቶ አትክልት ጠዋት መጥተው የግድግዳውን እርጥበት ሲለኩ አብሬያቸው ነበርኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ቡራዩ እሄዳለሁ ብለው በላንድሮቨራቸው ሄዱ። ከዚያ እስኪመሽ ጎረቤቶቼ ጋር ጣሪያ ስንደፍን ነበር።»

ጎረቤቶቹ ልክ ነው አሉ። አቶ አትክልት የኮሚቴው ጸሐፊ ናቸው፤ ስለ ሦስቱ ቦታዎች ሰማንያ ገጽ ጥናት የጻፉት እሳቸው ናቸው። ቡራዩ ይመረጥ የሚል ጥናት ነው።

ከሰዓት በኋላ ቡራዩ ደረስን። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዲኖ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ወጣ። አሁን ያዝነው ብዬ ነበር።

«ሱሉልታ ከተሰረዘ የማን መጋዘን ነው የሚመረጠው?» አልኩት።

«የኔ ነዋ!» አለ ሳይደብቅ። «ጥናቱም እኔን ይላል። ግን ወንድሜ፣ እኔ ሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ስፈጭ ነው የዋልኩት።»

ሰልፍ ላይ ያሉት ሴቶች ሳይጠየቁ መሰከሩ። አንዷ «እስኪመሽ አቁሞን ነበር፣ እሱን ብታስሩት እኔ ራሴ መኪናችሁ ላይ እጭነዋለሁ!» ብላ አሳቀችን። ተጠርጣሪዬ እንደ ዱቄቱ በነነ።

ሻምበል ሊወጣ ካለ በኋላ ተመለሰ። «ሰኞ ከጽሕፈት ቤቱ የመጣ ሰው ነበር?»

«አቶ አትክልት ይመጣሉ ተብሎ ምሳ አስቀምጠን ጠበቅን። ቀሩ። ዝናቡ ይሆናል።»

መኪናዋ ውስጥ ስንገባ ሻምበል ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። ሻምበል ዳይሬክተሩን ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ምድር ቤት ወርዶ የገቢ ደብዳቤ መዝጋቢዋን ወይዘሮ ፀሐይን ፈለገ። ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ፊታቸው ላይ መነጽር፣ ጠረጴዛቸው ላይ ደግሞ ሁለት ሰው የሚያነሳው መዝገብ አለ።

«እዚህ የገባ ሁሉ ይመዘገባል?»

«ቀኑም ሰዓቱም። ስልክም ቢሆን። የተመዘገበ አይፋቅም።»

«ከሱሉልታ የተደወለው ስልክ ስንት ሰዓት ደረሰ?»

ጣታቸውን መዝገቡ ላይ አስኬዱ። «ማክሰኞ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሃያ። 'ጥበቃው ተፈንክቶ ተገኘ፤ መጋዘኑ ባዶ ነው።'»

«ከዚያ በፊት በዚያው ቀን ስለ ሱሉልታ የገባ ነገር አለ?»

ወይዘሮ ፀሐይ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ መዝገቡን ወደ እሱ አዞሩት። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦ ቁጥር 2114፤ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት፤ ላኪ አቶ አትክልት፤ ጉዳዩ «በሱሉልታ መጋዘን በጎርፍ ርሰው ስለተበላሹ አርባ ሁለት ጥቅል መዛግብት»።

«ደብዳቤው የት አለ?»

«ዳይሬክተሩ ሳያዩት አቶ አትክልት ወሰዱት። ስልኩ ከመጣ በኋላ ወደ እኔ ወርደው 'ስህተት አለበት፤ ከመዝገብሽም ሰርዢልኝ' አሉኝ። ደብዳቤው የእርስዎ ነው፣ መዝገቡ ግን የኔ ነው አልኳቸው።»

«ለምን ለማንም አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሻምበል ተነስቶ እጅ ነሳቸው። ለጄኔራል እንኳ እንደዚያ ዝቅ ሲል አይቼው አላውቅም። እኔም ነሳሁ።

አቶ አትክልት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበሩ፤ ክራባት ያሰሩ፣ ቀጠን ያሉ ሰው። ጥናታቸው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«መዛግብቱ የት የደረሱ ይመስልዎታል?» አለ ሻምበል።

«ኩምሳ ሸጣቸዋል። ምን ያጠያይቃል?»

«ታዲያ ማክሰኞ በሦስት ሰዓት 'ርሰው ተበላሹ' ብለው ለምን ጻፉ?»

ጥናታቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ «ከ... ከመንገደኛ ሰማሁ» አሉ።

«ከማን? በሩ የተከፈተው አራት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ውስጡን ያየ ሰው የለም። በሩ ሲከፈት ያየው ሰው ደግሞ 'ባዶ ነው' አለ እንጂ 'ርሷል' አላለም። ርሷል ሊል የሚችለው ውሃውን ልኮ ቤቱን ያልከፈተ ሰው ብቻ ነው። አቶ አትክልት፣ ሰኞ ከሰበታ ወጥተው ቡራዩ አልደረሱም። ላንድሮቨርዎን ግቢ ውስጥ አይቻታለሁ፤ ሰንሰለቷ አለ፣ አካፋዋ የለም።»

ሰውየው ክራባታቸውን ፈቱ።

«ሰማንያ ገጽ ጻፍኩ» አሉ። «ሜዳው ይጥለቀለቃል ብዬ በማስረጃ ጻፍኩ። አንድ ገበሬ ቦይ ቆፍሮ ውሸታም አደረገኝ። በግንቦት ጉብኝት ሁሉም ሳቁብኝ። ወረቀቱ ትንሽ እንዲረጥብ ነበር እንጂ... ውሃውን ስለቅ መጣና አካፋውን ያዘብኝ። አልለቅም አለ። እኔ ልመታው አልሄድኩም።»

«ግን መቱት። ጭቃ ላይ ጥለውትም ሄዱ።»

«አዎ» አሉ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

የቢሮ ሰው በሽታው ይሄ ነው፦ ከሌላው ቀድሞ መጻፍ። ጎርፉን አስቀድሞ ያስጠነቀቀ እሳቸው መሆናቸው እንዲመዘገብ ሲሽቀዳደሙ ገና ያልሆነውን ጻፉ። የሰው ጭንቅላት ለሰማንያ ገጽ! በንዴት እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸው።

ስንወጣ «መቺው ተገኘ። ጥቅሎቹስ ጌታዬ?» አልኩት።

«ነገ ይመጣሉ።»

«ከየት?»

«ከጎተራ። አንተ የገበሬ ልጅ፣ በሐምሌ ባዶ ጎተራ የሚመርግ ሰው አይተህ ታውቃለህ? በየግቢው የጎተራው አፍ በእበት ተመርጎ ነበር፤ አንዳንዱ ገና አልደረቀም።»

የምገባበት ጠፋኝ። ጫንጮ ተወልጄ፣ ጎተራ ሥር አድጌ፣ የመንዝ ሰው አስተማረኝ።

«እና ማክሰኞውኑ ለምን አልከፈትነውም?»

«በጉልበት ብከፍተው ወረቀቱን አገኛለሁ፣ ሰዎቹን አዋርዳለሁ። አደራ ነው የያዙት። ደግሞ ልክ ናቸው፤ ኦቦ ኩምሳን ማን እንደመታቸው ሳያውቁ ለማን ይስጡ? ያቺ ሴት መኪናችን የት እንደነበረች የጠየቀችን በከንቱ ነው?»

ዓርብ ረፋድ ላይ ወይዘሮ ደጊቱ ደጃፍ ደረስን። የጣቢያው አዛዥም አለ። ሻምበል ቆሞ ነገራቸው፤ መቺው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ አሁን የት እንደታሰረ።

«በምን መጣ?» አሉ።

«በመንግሥት ላንድሮቨር።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። «ዝናቡ ውስጥ ሲያጓራ ሰምቻለሁ፤ ባሌ እዚያው መጋዘኑ ጋ ስለሚያድር ግን አልወጣሁም። እንደናንተ መኪና ነው። መኪና ያለው መንግሥት ነው፤ ወረቀቱም የመንግሥት ነው። ባሌን የመታው ከእናንተ አንዱ ይሁን አይሁን በምን ልወቅ?»

ከዚያ ነገሩን አወጡት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ኦቦ ኩምሳ የገዛ ግድባቸውንም አላመኑትም። ጎረቤቱን ጠርተው፣ አርባ ሁለቱን ጥቅል ለአርባ ሁለት ቤት፣ አንድ አንድ፣ በአደራ ሰጡ። መደርደሪያውን ጠርገው፣ ቆልፈው፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ። ለአለቆቻቸው ሰኞ መልእክት ሊልኩ ነበር፤ ሰኞ ደግሞ የእግር መንገዱ በውሃ ተዘጋ፣ ሲመሽም ያ ሰው መጣ።

ወይዘሮ ደጊቱ ገብተው የባላቸውን ሽመል ይዘው ወጡ። ጉብታው ላይ ቆመው ሽመሉን ከፍ አደረጉና አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸው ተጣሩ።

በመጀመሪያ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ጥቅሉን ልጇን በምታዝልበት አንቀልባ አዝላዋለች። ቀጥሎ «እስኪነቃ ይጠበቃ» ያሉኝ ሽማግሌ በካባቸው ሸፍነው አመጡ። ከዚያ ከየአቅጣጫው ጎረፉ፤ በቁርበት የጠቀለለ፣ በሰሌን የሸፈነ፣ የሠርግ ጋቢውን ያለበሰ። አብዛኛው ማንበብ አይችልም፤ ማንም ግን ክሩን አልፈታም። እኔ ቁጥሩን እያነበብኩ ሻምበል ምልክት ያደርጋል። ዓይኔ እንባ ስላቀረረ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ እሱም ሁለት ጊዜ አረመኝ።

አርባ አንድ ላይ ቆመ።

«የጎደለው ስንት ቁጥር ነው?» አለ ሻምበል።

«አሥራ ሰባት።»

የጣቢያው አዛዥ «የኩምሳና የነገሳ ፍርድ!» አለ። «ይኸው! ያኛውን እሳት በልቶታል በሉ።» ወይዘሮ ደጊቱ እንኳ መሬት መሬት አዩ።

ያኔ ከኮረብታው ላይ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሲወርድ አየን። ኦቦ ነገሳ ናቸው። ከሁሉ የራቀውና ከፍ ያለው ቤት የሳቸው ስለሆነ ዘግይተዋል። ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ሻምበል ፊት አስቀመጡት። ክሩ አልተፈታም፣ ጠርዙ ላይ የእህል አቧራ አለ።

ሻምበል ድምፁ ሌላ ሆነ። «ኦቦ ነገሳ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«ላዩ ላይ ስሜ ተጽፏል። ስሜን ማንበብ አያቅተኝም።»

«እሳት አጠገብዎ ነበር። ማንም አያይዎትም ነበር።»

አገጫቸውን ቀና አደረጉ። «ሻምበል፣ ክርክሩ ከኩምሳ ጋር ነው። አደራውም ከኩምሳ ጋር ነው። አንዱ ሌላውን አይበላውም።» ከዚያ ወደ ወይዘሮ ደጊቱ ዞረው «መሬቱ ግን የኔ ነው» አሉና ወደ ኮረብታቸው ተመለሱ።

እስከ ዛሬ ብዙ ሜዳሊያ ያንጠለጠለ ሰው አይቻለሁ። ያን ቀን የነገሳን ጀርባ ሳይ ግን እጄ ሳላዝዘው ወደ ግንባሬ ሄደ። ሻምበልም ሰላምታ ሰጥቶ ቆሞ ነበር።

ቅዳሜ ኮሚቴው ሱሉልታን መረጠ። ምክንያቱን ሲጽፉ «የአየሩ ቀዝቃዛነት» አሉ። ወይዘሮ ፀሐይ እንደመጣ መዘገቡት።

እሑድ ሆስፒታል ሄድን። ከአልጋው አጠገብ የነበረው ፖሊስ ተነስቷል። ኦቦ ኩምሳ ጭንቅላታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ዓይናቸው ተከፍቶ አገኘናቸው። ወይዘሮ ደጊቱ እጃቸውን ይዘዋል። ሻምበል ስሙን ሳይናገር ሽማግሌው ጠየቁ።

«አርባ ሁለት?»

«አርባ ሁለት።»

«ደረቅ?»

«እንደ ጭድ አባቴ» አልኩ እኔ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ሻምበል ቀረብ አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የራስዎን ፍርድ የያዘውን ጥቅል ለባላጋራዎ ለምን ሰጡ? አርባ አንድ ወዳጅ ነበርዎት።»

ኦቦ ኩምሳ በከንፈራቸው ዳር ፈገግ አሉ።

«ወዳጅ አደራ ቢያጠፋ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እኔም ይቅር እላለሁ። ነገሳ ግን እኔን ይቅርታ ከሚጠይቅ ቤቱ ቢቃጠል ይመርጣል።» ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ከነገሳ ጋር የፍርድ ቤት ቀጠሯችን መስከረም ላይ ነው አይደል? እስከዚያ መነሳት አለብኝ፤ ችሎት ፊት ብቻውን ሊያቆሙት ነው?»